አሥራ አንድ ወደብ

ሰኞ፣ የካቲት 24

ዶክተሩ ቀኝ ዓይንህ ውስጥ ደም ፈሷል አለኝ። ስኳሩ ነው። መርፌውን እዚያው ዓይኔ ውስጥ ወጋኝና በአራት ሳምንት ተመለስ አለኝ፤ እስከ ፋሲካም መኪና እንዳልነዳ። "ሥራዬኮ መንዳት ነው" ብለው "ለዚያም ነው የምነግርህ" አለ። ሰውየው ቀልድ አያውቅም።

ሃያ አራት ዓመት ሰው ከኤርፖርት ሳመላልስ ኖሬ ዛሬ ሰርካዲስ ነድታ ወደ ቤታችን፣ ወደ ዋይሊ፣ መለሰችኝ። ባለቤቴ ሀይዌይ ስለምትፈራ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው የመጣነው፤ አርባ ደቂቃ የሚፈጀው አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። እኔ ግን ትንፍሽ አላልኩም። በደኅናው ጊዜ ቢሆን ፍሬን ያዢ፣ መስመር ቀይሪ እያልኩ ነፍሷን ባወጣሁት ነበር። ቤት ስንገባ "በጣም አመመህ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን ደብተር የገዛችልኝም እሷ ናት፤ ቤት ውለህ እኔን ከምትነዘንዘኝ ወረቀቱን ነዝንዝ ብላ። ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ቀትር ላይ የከተማው የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። የፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያ ረቡዕ መሆኑን ረስቼ ብድግ አልኩ። ለካ ሙከራ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ለእራት ኤልዳና መጣች። ልጃችን ነርስ ናት። አርሊንግተን የነበራት ኮንትራት አልቋል፤ የሚቀጥለው ከፋሲካ በኋላ ነው የሚጀምረው። የምስር ወጧን ሳትጨርስ "ሶ፣ እኔ ትኬት ገዛሁ" አለች። አምስት ሳምንት። ለብቻዋ። ሲንጋፖር፣ ፔናንግ፣ ቡሳን፣ ሆንግ ኮንግ።

"ማን ጋ ልታርፊ?" አለች እናቷ።

"ማንም ጋ። ሆስቴል አለ፣ ማሚ። አልጋ በአልጋ ላይ ነው፣ ርካሽ ነው።"

"የምትጠይቂው ሰው ከሌለ ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?"

"መራመድ። መብላት። ማየት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "የአባ ከተሞች ናቸው። ልጅ ሆኜ ጀምሮ እፈልጋለሁ ማየት።"

ጎሽ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል። ሰርካዲስ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቅ ነበር። "በዚያ የመርከበኛ ወሬው እኔን አገባ፤ አሁን ደግሞ አንቺን ሊያሰድድ ነው" አለች።

ዘግይቼ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ዛሬ ኤልዳና ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ ከጎኔ ተቀመጠች። ታሪኮቹን ከእኔ በላይ ታውቃቸዋለች። ፔናንግ ላይ ቀርከሃ በቀርከሃ እየመታ ሾርባ የሚሸጠው ሰውዬ። ቡሳን ላይ ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች፣ ሳትገዛ ከነካህ በጎማ ጓንታቸው እጅህን የሚመቱህ። ሆንግ ኮንግ ላይ ደረጃ የሆነው መንገድ፣ እዚያ ተቀምጦ ለማያነብ ሰው ደብዳቤ የሚጽፈው ሽማግሌ። አንዱም አልጠፋባትም።

የምትጠይቀኝ ግን ሌላ ነው። "ከመርከብ ስትወርድ ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ?"

"ወደ ቀኝ" አልኳት፣ ቶሎ። ቶሎ የመለሰ ሰው ይታመናል፤ ይህን ከታክሲ ሥራ ነው የተማርኩት።

"ስለ ቦምቤይ ግን ምንም ነግረኸኝ አታውቅም። መርከባችሁ ፈርስት የቆመው እዚያ አይደል?"

"ቦምቤይ ሞቃት ነበር።"

"ያ ነው?"

"ያ ነው።"

እሱንም ጻፈችው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ሸኘናት። ሰርካዲስ ለልጇ ስትል ሀይዌይ ወጣች! በቀኝ በኩል፣ የጭነት መኪናው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋብን፣ መሪውን እንደ ሕፃን አቅፋ። ሁለት ኪሎ ሽሮ የልጅቷ ሻንጣ ውስጥ ከታለች። ጾም ነው፣ እዚያ አገር ሁሉ ነገር ዓሣ ነው ብላ። ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ተርሚናሉ ደረስን።

ኤልዳና ስታቅፈኝ "ግራ ሲገባኝ ኮል አደርግሃለሁ። ጋይዴ አንተ ነህ፣ አባ" አለችኝ።

ያን በር አሥር ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሻንጣ አውርጄ፣ ደኅና ግቡ ብዬ፣ ወደሚቀጥለው። ዛሬ ቆሜ ቀረሁና ሰርካዲስ ጎተተችኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ሲንጋፖር ገብታለች። ደኅና ናት። ሙቀቱ ጸጉሯን እንዳበላሸው ብቻ ነው ያማረረችው።

ሰው ሶፍቱን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ምግብ ሊያመጣ ይሄዳል አሉ። ወንበሩ ተይዟል ማለት ነው፤ ማንም አይነካውም። "ይኼን ለምን አልነገርከኝም?" አለች። በእኛ ጊዜ አልነበረም አልኳት።

ነበረ ይሆን?

እሑድ፣ መጋቢት 7

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰርካዲስ ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራ ነበር። ጓዳ ሆና ነው፣ ግን የዚህ ቤት ግድግዳ ወረቀት ነው። "መንዳት ካቆመ ወዲህ መስኮት ሥር ነው የሚውለው" አለች። "እንደተሳፈረ ሰው።"

ተናደድኩና ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ሱቁ ድረስ በእግሬ ልሄድ። ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የእግረኛ መንገዱ የመንደሩ አጥር ጋ ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሣርና ቦይ ነው፤ በቦዩ ጠርዝ ሄድኩ። አንዲት ሴትዮ መኪናዋን አቁማ መስኮት ዝቅ አድርጋ "መኪናህ ተበላሸ? ሰው ልጥራልህ?" አለችኝ። እየተንሸራሸርኩ ነው ስላት አላመነችም። ሌላም ሰው ቆመልኝ። በዚህ አገር በእግር የሚሄድ ሰው የሚያሳስብ ሰው ነው። ተመለስኩ።

ኤልዳና ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተራምጃለሁ ብላ ጻፈችልን። ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ። ያልተነጠፈ መንገድ አንድም አላየሁም ትላለች።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ፔናንግ። ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን ደወለች፤ እዚያ መሽቷል። ዝናብ እየጣለ ነው፣ እሷ ግን ደረቅ ናት፤ ቤቶቹ ሁሉ ከፊታቸው ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ስላላቸው ከአንዱ ወደ አንዱ በጥላ ሥር ትሄዳለህ። ስልኩን አዙራ አሳየችን። መብራት፣ ሞተር ብስክሌት፣ ጫማ ሰፊ፣ ወንበር ላይ ያንቀላፋ ሽማግሌ፣ ድመት። ባሕሩ ላይ ደግሞ በእንጨት እግር የቆሙ ቤቶች፣ ሰው የሚኖርባቸው።

"ልክ እንደነገርከኝ ነው። ሁሉም ነገር" አለችኝ። ዓይኗ እንባ ነበረው።

እኔ ደግሞ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ፤ እውነት ነበር ማለት ነው። ባርናባስ አልዋሸም ማለት ነው።

ይህን ስም ጻፍኩት እንግዲህ። ነገ እጨርሰዋለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ሰርካዲስ ሥራ ገብታለች። ቤቱ ጭር ብሏል። እንዳለ ልጻፈው።

በ1977 ከአሰብ በመርከብ ስንወጣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የመርከቡን ወለል የማጥብ፣ ቀለም የምቀባ፣ ገመድ የምስብ ሰው ነበርኩ። መንገሻ አብሮኝ ነበር። መንገሻ ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ያደገ፣ አንድ ብርድ ልብስ የተጋራ ልጅ ነው። ሥራውን ለማግኘት ዋስ አምጣ ሲሉት እኔ ፈረምኩለት። ማን ይፈርምለት ታዲያ? ቢጠፋ ተጠያቂው እኔ ነኝ ብዬ ፈረምኩ። ሁለታችንም ስቀን ነበር።

ቦምቤይ ደረስን። በተራ ነው የሚወረደው። እሱ ቅዳሜ፣ እኔ እሑድ። ቅዳሜ ወረደ። አልተመለሰም።

የመርከቡ ኃላፊ ጠርቶ "ዋስ የሆንክለት ሰው እስኪመጣ አንተም አትወርድም" አለኝ። የመውረጃ ወረቀቴን ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። አሥራ አራት ወር። አሥራ አንድ ወደብ። እግሬ አንዱንም አልረገጠም። ለእኔ ሲንጋፖር ማለት ክሬን ነው። ቡሳን ተራራ ላይ የተሰቀለ መብራት ነው።

ባርናባስ የመርከቡ ወጥ ቤት ነበር፤ ትልቅ ሰው፣ ወሬ የሚያውቅ። አትክልት ለመግዛት በየወደቡ ስለሚወርድ ማታ ማታ ሽንኩርት እያስላጠ የሄደበትን ይነግረኝ ነበር፤ የት ጋ እንደታጠፈ፣ ምን እንደሸተተው፣ ማን እንደሰደበው ሳይቀር። ሆንግ ኮንግ ላይ ደብዳቤ ያስጻፈው እሱ ነው። በጎማ ጓንት የተመታውም እሱ ነው። አሁን ዐርፏል፤ ነፍሱን ይማር።

እና ለልጄ የእኔ አድርጌ ነገርኳት። ለሚስቴም።

መንገሻን አልተቀየምኩትም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ሰርካዲስ ድሮ ሰፈራችን ቪከሪ ሜዶ የምትሰፋላት ሴትዮ ጋ ልብስ ልታስጠብብ ስትሄድ አብሬ ሄድኩ። እሷ ስትለካ እኔ ድሮ የኖርንበትን አፓርታማ ልይ ብዬ ወጣሁ።

ግቢው ያው ነው፤ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ በአምስት ቋንቋ የሚጮህ ሕፃን፣ የሚጠበስ ነገር ሽታ። እዚህ የመጣን ጊዜ ኤልዳና ሦስት ዓመቷ ነበር። ስትተኛ ታለቅስ ነበር፤ ፎቅ ላይ ሰው ሲሮጥ፣ ከታች ሰው ሲጣላ፣ የፖሊስ መኪና ሲያልፍ። "አባ፣ ሰው በዛ" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው የበዛበት ቦታ ጥሩ ቦታ መሆኑን ላሳምናት የባርናባስን ከተሞች እነግራታለሁ። የሚሮጠው ሰው ሾርባ ሊገዛ ነው የሚሮጠው፣ የሚጮኸው ሰው ዓሣ ሻጭ ነው። ያየሁት ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ ሰው ነገረኝ ብላት አትተኛም ነበር፤ አባቷ የሄደበት ከሆነ ግን ምንም አያስፈራትም።

ሰበብ ይመስላል። ሰበብም ነው። አሥር ዓመት ሲሞላት ልነግራት እችል ነበር። ሃያ ሲሞላትም።

ሰርካዲስ መጥታ አጥሩ ጋ አገኘችኝ። "እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለች።

ምንም አልኳት።

ዓርብ፣ መጋቢት 19

ልጻፈው ወይስ ልተወው።

ሰርካዲስ ከኤልዳና ጋር በቪዲዮ ስታወራ ሰማሁ። የተኛሁ መስሏቸዋል። ልጅቷ ካርታ እየሠራች ነው። ትልቅ፣ የእነዚያን ከተሞች፣ እኔ የነበርኩበት ቦታ ሁሉ ምልክት ያለበት። አባቴ እዚህ ቆሞ ነበር፣ አባቴ እዚህ በላ። አሳትማ፣ በመስተዋት አስገብታ፣ በፋሲካ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ልትሰጠኝ ነው። ሳሎን ልትሰቅለው።

"እንዳትነግሪው፣ ማሚ" አለች።

"እኔ ምስጢር አላወጣም" አለች እናቷ።

ሆንግ ኮንግ ስትደርስ ደግሞ ደረጃው መንገድ ላይ ደብዳቤ ጸሐፊ ፈልጋ ለእኔ ደብዳቤ ልታስጽፍልኝ ነው። እንዲህ ስትል ድምጿ የልጅነቷን ሆነ።

ነገ እነግራታለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

አልነገርኳትም። በባቡር ላይ ነበረች፣ ይቆራረጥ ነበር።

አልተቆራረጠም።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ሁለተኛው መርፌ። ዓይኔ ታሽጓል፤ በግራው ብቻ ነው የምጽፈው፣ መስመሩን እየሳትኩ።

ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ስንሄድ ከቡሳን ደወለች። ከወደቡ ሽቅብ የሚወጣ ደረጃ ሥር ቆማለች፤ እዚያ መሽቷል፣ ያካፋል። "ባንተ ስቶሪ ደረጃ አለ አይደል? ይኼ ይሆን? የት ያደርሰኛል?"

ባርናባስ ደረጃ አለ ብሎኛል። የት እንደሚያደርስ አልነገረኝም፤ ዘንቢል ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው አልነበረም። እኔ ግን አፌ ቀደመኝ። "ዝም ብለሽ ውጪ። አናቱ ላይ ሻይ ቤት አለ፤ ከዚያ በወዲያ በኩል ቁልቁል ዓሣ ገበያው ጋ ይጥልሻል።"

"አይ ላቭ ዩ" ብላ ዘጋች።

አሁን ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ነው። መልእክት ልከንላት አልደረሳትም ይላል።

ሰርካዲስ ትልካለች። እኔ ማየት አልችልም፤ በየአምስት ደቂቃው ደረሳት ወይ እላታለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ድምጿ ጠፋ።

አገኘናት። ደኅና ናት። ደረጃው አናቱ ላይ ግንብ አጥር ጋ ነው የሚያልቀው። ሻይ ቤት የለም። በወዲያ በኩል ቁልቁለት የለም። ጨለማ ነበር፣ ዝናቡ በረታ፣ ስትመለስ ተንሸራተተች፣ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ስልኳም ባትሪ ጨርሶ ተዘጋ። አንዲት ባልቴት በር ከፍተው አስገቧት፤ አንድ ቃል ሳይግባቡ እግሯን በፎጣ ጠቅልለው፣ ትኩስ ሾርባ አጠጥተው፣ ምንጣፍ ላይ አስተኟት። ጠዋት የልጃቸው ልጅ መጥቶ ሆስቴሏ አደረሳት፤ ከዚያ ነው የደወለችልን።

እኔ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። "ያንተ ጥፋት አይደለም፣ አባ። ፎርቲ ዪርስ ነው። ሻይ ቤቱን አፍርሰውት ነው።"

ከዚህ ይልቅ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ መጋቢት 28

የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ የዛሬው ሳይረን ሙከራ አልነበረም። መስኮት የሌለው ክፍል መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ስለሆነ ትራስ ይዘን ገባን። ሰርካዲስ ገንዳው ውስጥ፣ እኔ ወለሉ ላይ። መብራት ጠፋ። በረዶው ጣሪያውን ሲደበድበው ለመደማመጥ መጮህ ነበረብን።

እዚያ ነገርኳት። ለምን እዚያ እንደሆነ እንጃ። ፊቷን ስለማላይ ይሆናል።

በረዶው ሲቀንስ "አሥራ አራት ወር?" አለች።

"አሥራ አራት ወር።"

"አንድ ቀን እንኳ?"

"አንድ ቀን እንኳ።"

"እንግዲያው እኔ ያገባሁት ባርናባስን ነዋ።"

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። "የምናደደው በወሬው አይደለም፣ ሕዝቄ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንተኛ መንገሻ የሚባል ሰው መኖሩን አላውቅም። ይኼን የሚያህል ነገር ለብቻህ ይዘህ። እኔ ምንህ ነኝ?"

"መንገሻን አልተቀየምኩትም" አልኳት።

"እኔ ተቀይሜዋለሁ" አለችኝ።

ከዚያ አለቀስኩ። በስልሳ ሁለት ዓመቴ፣ መጸዳጃ ወንበሩን ተደግፌ። መውጣት ትችላላችሁ የሚለው መልእክት ስልኳ ላይ ሲደርስም እዚያው ተቀምጠን ነበር። መኪናው በበረዶው በየቦታው ሰርጉዷል፤ ጣሪያው ደኅና ነው።

"ለልጄ ከሆንግ ኮንግ ሳትወጣ ትነግራታለህ" አለችኝ ስንተኛ። "ካርታው ከመታተሙ በፊት።" ምስጢሩን ማውጣቷ እንኳ አልታወቃትም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

ሆንግ ኮንግ ገባች። እግሯ እያነከሰ ነው። ሰርካዲስ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ "ነገርካት?" የምትለኝ በዓይኗ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ጠዋት አንድ ሰዓት። ሰርካዲስ ከጎኔ ተቀምጣ ስልኩን ራሷ ደወለችና ሰጠችኝ።

ኤልዳና የጀልባ ማረፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ይዛ ተቀምጣ ነበር። ደረጃ የሆነውን መንገድ አግኝቻለሁ፣ ደብዳቤ ጸሐፊ ግን አሁን የለም አለችኝ። "አንተ ያስጻፍከው የት ጋ ነው? ከላይ ነው ከታች?"

"እኔ አላስጻፍኩም" አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ዋስነቱን፣ ቦምቤይን፣ ሳጥኑን፣ ባርናባስን፣ ቪከሪ ሜዶን። የቡሳኑን ሻይ ቤት ከራሴ እንደፈጠርኩት። እሱን ሁለቴ ነው ያልኩት።

ልጄ ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከኋላዋ ሰው ይተላለፋል፣ ይተላለፋል።

"ሶ፣ አንተ እዚህ መጥተህ አታውቅም" አለች።

"መጥቻለሁ። አልወረድኩም።"

"እኔ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ሥራ ላይ፣ ስኩል... ማለቴ፣ ኮሌጅ ለመግባት የጻፍኩት ስለዚህ ነበር። ስላንተ።"

"አውቃለሁ፣ እናቴ።"

"አሁን መሄድ አለብኝ" አለችና ዘጋች።

ሰርካዲስ ቁርስ አቀረበች። አልበላሁም፣ አላስገደደችኝም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

የለችም። ለእናቷ "ደኅና ነኝ" ብላ ልካለች። ለእናቷ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ምንም። እንዲህ ይሆናል ብዬ ነበር ስፈራ የኖርኩት፤ ሲሆን ግን እንደፈራሁት አይደለም። ውሸቱ ቀለለኝ፣ እሷ ከበደችኝ። መቼም አባቴ አይደለም አትልም። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ደግሞ ከነገ ወዲያ ተመልሳ ስትመጣ ኤርፖርት ማን ይቀበላት ይሆን እላለሁ። እኔን ማየት ትፈልግ ይሆን?

እሑድ፣ ሚያዝያ 5፣ ሆሣዕና

ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠኝን የዘንባባ ቀለበት ጣቴ ላይ እንዳደረግሁ ነው የምጽፈው። ሰርካዲስ ሁለት አምጥታለች፣ አንዱ የኤልዳና ነው።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ስልኩ ጮኸ። ቪዲዮ ነው። እኔን ነው የደወለችው፣ እናቷን አይደለም።

ፊቷ አልታየኝም። ውሃ ነው የታየኝ። ጠዋት ነው እዚያ፤ ግራጫ ውሃ፣ ጭጋግ የነካው።

"ጀልባ ላይ ነኝ" አለች። ድምጿ ብቻ። "ሦስት ቀን ተናድጄ ነበር። ማለቴ፣ አሁንም ትንሽ አለ።"

"ይሁን።"

"ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። መርከባችሁ የት ነበር የቆመው? እውነቱን።"

ይህን አውቃለሁ። የዓለም ከተማ ሁሉ ቢጠፋብኝ ይህን አውቃለሁ። "ወዲያ ማዶ፣ ሰዓት ያለበት ግንብ አለ። ቀይ ነው፣ ቀጭን። ይታይሻል?"

"አዎ።"

"ተራራው ከኋላሽ ነው? ሰዓቱ በስተቀኝ ነው?"

"አዎ፣ አዎ።"

"መሃል ስትደርሺ እዚያ ነበርን። አሥራ አንድ ቀን። ወደብ አልተጠጋንም፤ ጀልባዎች እየመጡ ነበር ዕቃውን የሚያወርዱት። ያንን ሰዓት ደቂቃ በደቂቃ አውቀዋለሁ። ይህቺ አሁን ያለሽባት፣ አረንጓዴና ነጭ ናት?"

"አረንጓዴና ነጭ።"

"በአጠገባችን ታልፍ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስትሄድ ስትመለስ። ሰዎቹ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። እጄን አውለበልባለሁ፤ ቀና ብለው አያዩም።"

ስልኩ ቀስ ብሎ ዞረ፤ እኔ እዚያ የነበርኩበትን ውሃ ሁሉ አሳየችኝ፣ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ። ባዶ ነው። ሰው የሌለበት ውሃ። ያኔ ፊቷን አየሁት፤ አልቅሳለች።

"ባርናባስ የነገረህን ሁሉ እኔ አየሁት" አለች። "አንተ አንዱንም አላየህም።"

"አንዱንም።"

"ኦኬ።" አፍንጫዋን ጠረገች። "ኦኬ፣ አባ። እየደረስን ነው።"

ጀልባዋ የማረፊያውን ጠርዝ ነካች፤ ሲጋጭ የሚያሰማውን ድምፅ እዚህ ዋይሊ ሰማሁት። አንድ ሰው ገመድ ወረወረ፣ ሌላው ያዘው፤ አያያዙን አወቅሁት። መውረጃው ሳንቃ እየተንቋቋ ዝቅ አለ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ተጋፋ፣ ቦርሳ፣ ጃንጥላ፣ ተማሪ፣ አሮጊት። ኤልዳና አልተነሣችም። ሰዉ እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ ስልኩን ወደ እግሯ አዞረችው፤ አንዱ እግር በፋሻ ታስሯል፣ ሳንቃው ጫፍ ላይ ቆሟል።

"ሰው ሁሉ ወርዷል" አለችኝ። "አንወርድም?"

ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ከወንበሬ ተነሣሁ። ሰርካዲስ ከምድጃው ዞር ብላ "የት ልትሄድ ነው?" አለችኝ።

"ልወርድ ነው" አልኳት።

ምድጃውን አጠፋችና መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።